ባለ ግማሽ ሚሊ ሜትሩ ወንፊት ለትል ቆጠራ

ደብረ ብርሃንን አቋርጦ የሚያልፈውን የበሬሳን ወንዝ ጭቃ፣ ፍሳሽ ምን ያህል እንደጎዳው በውስጡ ያሉትን ትሎች ቆጥሮ ለሚመረምር ሰው 20 ሴንቲ ሜትር ስፋት ያለው የማይዝግ ብረት ወንፊት ደህና ዕቃ ነው። ቀዳዳው 0.5 ሚሊ ሜትር ነው፤ ፍሳሽ በባሕር ዳርቻ ወለል ላይ የሚያደርሰውን ጉዳት የሚያጠኑትም በዚሁ ልክ ይሠራሉ። ባለ 1 ሚሊ ሜትሩ ቶሎ ያጠራል፤ ቀጫጭኖቹን ትሎች ግን ያሾልካል። ዋናው ጉዳይ ደግሞ እነሱ ናቸው። ፍሳሽ በበዛበት የባሕር ወለል ሌላው ትል ሲጠፋ ካፒቴላ የተባለው ቀጭን ቀይ ትል በገፍ ይራባል። በወንዝ ጭቃ ያን ቦታ የሚይዘው ቱቢፌክስ የተባለው ትል ነው። የሽሮ ወንፊት ይበቃል የሚሉ አሉ፤ አይበቃም፣ መረቡ ስለሚላላ ቀዳዳው እኩል አይደለም።

ድክመቱ መረሬ ላይ ይታያል። ጥቁሩ ጭቃ ቀዳዳውን ይደፍነዋል። ያኔ በጣት ማሸት ወይም በጎማ ውኃ መልቀቅ ትሉን ይቆራርጠዋል። ወንፊቱን ባልዲ ውኃ ውስጥ እስከ ግማሹ ነክሮ ቀስ እያሉ ማዟዟር ይሻላል። ጠርዙ ከ5 ሴንቲ ሜትር ካነሰ ውኃው ከነትሉ ይፈሳል፤ ሲገዙ ይለኩት። መረቡ ከጠርዙ የሚገናኝበትንም ወደ ብርሃን አንስተው ይዩ፣ ክፍተት ካለ ትል ይሰነቀርበታል።

ትሉ ከተቆረጠ የሚቆጠረው ጭንቅላቱ ብቻ ነው። ቀይ ሁሉ ደግሞ ትል አይደለም፤ ጠንካራ ጭንቅላትና እግር መሳይ አጫጭር ጉጦች ያሉት የትንኝ መሰል ነፍሳት እጭ ስለሆነ ለብቻው ይመዝገብ።