ሐይቅ ዳር ጄት ስኪ ለምትከራዩ፦ ከባልዲው ተጠንቀቁ

ይህን የምጽፈው ከሐይቁ ከወጣሁ ሁለት ሰዓት ሳይሞላኝ፣ ፀጉሬ እንኳ በቅጡ ሳይደርቅ ስለሆነ ቁጣዬ ከቃላቴ ቢቀድም ይቅርታ አድርጉልኝ። ለግማሽ ሰዓት ጄት ስኪ፣ ያን ውኃ ላይ እንደ ሞተር ብስክሌት የሚነዳውን፣ ተከራይቼ የኪራዩን አሥር እጥፍ የሚያህለውን መያዣዬን ሙልጭ አድርገው ወስደውብኛል። ሰበቡም ከጄት ስኪው ሆድ ላይ የተገኘ አንድ ስንዝር የማይሞላ ጭረት ነው።

አከራዮቹን ታውቋቸዋላችሁ። ጃንጥላ ሥር ተቀምጠው አላፊ አግዳሚውን የሚጠሩት፣ ገና ሳትከራከሯቸው ዋጋ የሚቀንሱት፣ ከዚያ መታወቂያና መያዣ ተቀብለው በአንዲት ገጽ ውል ላይ የሚያስፈርሙት ናቸው። እኔም ፈረምሁ። በውሉ ላይ «ዕቃውን መርምሬ ያለ ምንም ጉዳት ተረክቤአለሁ» የሚል መስመር እንዳለ አንብቤአለሁ፤ አለማንበቤ ቢሆን ኖሮ ዛሬ እንዲህ ባልተናደድሁ። መኪና ስከራይ ሦስት ጊዜ ዞሬ ጎማውን ሳይቀር ፎቶ የማነሣ ሰው ነኝ። ሐይቁ ዳር ግን ልብሴን ሳወልቅ ልቦናዬንም አብሬ አውልቄ ኖሯል።

ርክክቡን ልንገራችሁ። ጄት ስኪው ከጉልበት በታች በሆነ ውኃ ላይ ቆሞ ነበር። ያስረከበኝ ወጣት አንድ ባልዲ ውኃ ቀድቶ ከአፍንጫው እስከ ኋላው አለበሰውና «ጌታዬ፣ ፀሐይ መቀመጫውን አግሎታል፤ እንዳይለበልብዎ ብዬ ነው» አለኝ። አመሰገንሁት። ቀጥሎ «ስልክዎ ውኃ እንዳይገባበት» ብሎ ስልኬን ተቀበለኝና ሣጥን ውስጥ ቆለፈልኝ፤ ለዚህም አመሰገንሁት። የሞተር ማጥፊያውን ገመድ እጄ አንጓ ላይ ሲያስርልኝ፣ ድንገት ብወድቅ ገመዱ ተነቅሎ ሞተሩን እንደሚያጠፋው ሲያስረዳኝ፣ ነዳጅ መስጫውን ከለቀቅሁ መሪው እንደማይታዘዘኝና ፍሬንም እንደሌለው ሲያስጠነቅቀኝ፣ ከታላቅ ወንድም በማይተናነስ ጥንቃቄ ነበር። የነገረኝ ሁሉ እውነት ነው። አሁን ሳስበው ግን ያ ሁሉ ጥንቃቄ ዐይኔን ከዕቃው ላይ ለማንሣት ነበር፤ ምክንያቱም ጄት ስኪው የተሠራበት ፕላስቲክ መሰል ፋይበርግላስ ተቧጭሮ ደርቆ ሲታይ ነጭ መስመር ያወጣል፣ ሲረጥብ ግን ውኃው ጭረቱን ሞልቶ ብርሃኑን ስለሚያስተካክለው መስመሩ ከዐይን ይሰወራል። ሆዱ ደግሞ ያን ጊዜ ውኃ ውስጥ ስለነበር ጭራሽ አላየሁትም።

ሐይቁ ላይ ባሳለፍሁት ጊዜ ራሱ ቅሬታ የለብኝም። ከሰዓት በኋላ እንደሚሆነው ከመሐል ወደ ዳር የሚነፍሰው ነፋስ ተነሥቶ ስለነበር አጫጭርና የተደራረቡ ማዕበሎችን እየዘለልሁ ጥልቁ ላይ ቆየሁ። ድንጋይ አልነካሁም፤ ወደ ዳርም አልተጠጋሁም።

ስመለስ መሣሪያውን በተጎታች ላይ አወጡት። ያው ወጣት አሁን በባልዲው ፋንታ ፎጣ ይዞ መጣና ሆዱን በዝግታ ማድረቅ ጀመረ። ጠራርጎ ሲጨርስ ቁጢጥ ብሎ ጣቱን በአንድ ነጭ መስመር ላይ አሳለፈና «ይኸውልህ» አለ። ልብ በሉ፣ ከግማሽ ሰዓት በፊት «እርስዎ» እና «ጌታዬ» ነበርሁ። እኔም ጎንበስ ብዬ አየሁ። ጭረቱ ውስጥ፣ ከጫፉ በኩል፣ ጥፍር የማታህል አረንጓዴ አልጌ ደርቃ ተጣብቃለች። እጅ ከፍንጅ የያዝሁት መስሎኝ «ይህች አልጌ በግማሽ ሰዓት አልበቀለችም፤ ጭረቱ የቆየ ነው» አልሁት። ዐይን ዐይኔን አየኝ። ከዚያ ምንም ሳይቸኩል አውራ ጣቱን በምራቁ አርሶ አልጌዋን ፋቀ፣ በፎጣው ደግሞ አሻሸና «የቷ አልጌ?» አለኝ።

አፌን ይዤ ቀረሁ። ገንዘቡ ያናድዳል፤ ይህ ግን ከገንዘቡም ይብሳል። ዐይኔ እያየ ማስረጃዬን በምራቅ አጠፋው፤ ማፈር ቀርቶ ለመደበቅ እንኳ አልሞከረም።

ፎቶ ላንሣ ስልኬን ስጡኝ ስል የሣጥኑ ቁልፍ ሌላ ልጅ ዘንድ ነው ተባልሁ። ጃንጥላው ሥር ወደተቀመጠው አለቃ ሄጄም ለማስረዳት ሞከርሁ። ጄት ስኪ ከሆዱ ሥር ውኃ ስቦ ወደ ኋላ በኃይል በመትፋት የሚሄድ በመሆኑ አምራቾቹ ቢያንስ ከ60 እስከ 90 ሳንቲሜትር ጥልቀት በሌለው ውኃ ላይ ሞተሩ እንዳይነሣ ያሳስባሉ፤ ጠጠርና አሸዋ ይስባልና። ሞተሩን ጠጠሩ ላይ ያስነሡት እነሱ፣ ዳር ለዳር የሚጎትቱት እነሱ፣ ጭረቱ ግን የእኔ። ሰውየው ከስልኩ ቀና ሳይል «ፈርመሃል» አለ። መታወቂያዬን እንዲመልስልኝ ስጠይቅ ፖሊስ እንጥራ ብሎ ቀድሞኝ አስፈራራኝ። መያዣውን ትቼ መታወቂያዬን ተቀብዬ ሄድሁ። መጥራት የነበረብኝ እኔ እንደሆንሁ ትዝ ያለኝ መንገድ ከጀመርሁ በኋላ ነው፤ ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ እንዲሉ።

ዞር ብዬ ሳይ አንድ ጥንድ ፍቅረኛሞች መጥተው እየፈረሙ ነው። ወጣቱም ባልዲውን አነሣ። ከሩቅ «በደረቁ እዩት!» ብዬ ጮኽሁ፤ ሴቲቱ እንደ ሰካራም አይታኝ ፊቷን መለሰች።

እንግዲህ ለምትሄዱ፦ ዕቃው ከውኃ ወጥቶ፣ ሆዱ ደርቆ፣ አከራዩ አጠገቡ ቆሞ ቪዲዮ ሳትቀርጹ አትፈርሙ። የቆየ ጭረት ካለ ውሉ ላይ ይጻፍ። እምቢ ካሉ ሌላ ዘንድ ሂዱ። መታወቂያችሁን አታስይዙ፤ ስልካችሁንም ሣጥን ውስጥ የምታስገቡት ከቀረጻችሁ በኋላ ይሁን።