ለሰፈር ግሩፕ ቴሌግራም በቂ ነው?

እኛ ጎንደር አራዳ አካባቢ ያለን ሰዎች ዕቃ የምንሸጥበትና የኪራይ ቤት የምንጠቋቆምበት የቴሌግራም ግሩፕ አለን። አድሚኑ እኔ ነኝ። ደሞዝ የለውም፣ ስድብ ግን ሞልቷል።

ከሁሉ የወደድኩት ስሎው ሞድ የሚሉትን ነው። አንድ ሰው ከጻፈ በኋላ ድጋሚ ለመጻፍ ከጥቂት ሰከንድ እስከ 1 ሰዓት እንዲጠብቅ ታደርገዋለህ። ለጥምቀት እንግዳ ሲበዛና ኪራይ ሲንር፣ በዋጋ የተጀመረ ጭቅጭቅ ወደ ዘር ሊዞር ሲል 15 ደቂቃ ላይ አደረግኩት። በቃ፣ ንዴቱ በረደ። እንዲያውም አንዱ የጻፈውን ራሱ አጥፍቶ "ይቅርታ ጋሼ" ብሎ መጣ።

አድሚን የሠራውን የሚያሳየው መዝገብም አሪፍ ነው። ግን የሚቆየው 48 ሰዓት ብቻ ስለሆነ፣ ሰው ስታስወጣ ስክሪንሾት ያዝ።

አባላት ሪፖርት ሲያደርጉ ግን ጉዳዩን የሚያየው ሰፈሩን የሚያውቅ ሰው ቢሆን ይሻላል። በሌላ ትልቅ መድረክ (ስሙ ይቆየን) ብሔር ጠቅሶ የሚዘልፍ ጽሑፍ ሪፖርት አድርጌ "ደንባችንን አይጥስም" የሚል መልስ ደረሰኝ። ስድቡ በቅኔ ነበር የተጻፈው፣ ሰሙን አይተው ወርቁን ማን ይፍታላቸው! የጥላቻ ንግግር አዋጁ ቁጥር 1185/2012 እንኳ ጥቆማ ከደረሰ በ24 ሰዓት ውስጥ እንዲነሳ ይላል።

ለሰፈር ግሩፕ ከ5 ኮከብ 4 ሰጥቼዋለሁ። ሁለተኛ አድሚን ግን ፈልጉ፣ ሌሊት ሌሊት የሚነቃ።