ቶግል ትራክ በጥብቅና ቢሮ፦ የአንድ ዓመት አጠቃቀም ግምገማ

በአገራችን አብዛኛው የፍርድ ቤት ክርክር የሚያዘው በቁርጥ ዋጋ ወይም ከክርክሩ ገንዘብ ላይ በመቶኛ በሚታሰብ ክፍያ በመሆኑ፣ ብዙዎቻችን ሰዓታችንን የመቁጠር ልማድ ሳይኖረን ነው ያረጀነው። በሰዓት የሚከፍል ደንበኛ ሲመጣ ግን የልማዱ እጦት ዋጋ ያስከፍላል። አዋጅ ቁጥር 1249/2013 ጠበቆች በጥብቅና ድርጅት ተደራጅተው እንዲሠሩ ከፈቀደ ወዲህ ደግሞ፣ በአንድ ጉዳይ ላይ ማን ምን ያህል ደከመ የሚለው ጥያቄ የሸሪኮች የእርስ በርስ ሒሳብም ሆኗል።

ሦስት ጠበቆች ባለንበት ቢሮ የሳምንቱን ሥራ ዓርብ ከሰዓት በኋላ ከትዝታ እንጽፍ ነበር። ውሉን ያረቀቅንበት ግማሽ ቀን አይረሳም፤ የሚጠፋው ለደንበኛው በስልክ የተሰጠው የአምስት ደቂቃ ማብራሪያ፣ በመንገድ ላይ የተነበበው ኢሜይልና ከመዝገብ ቤት ጋር የተደረገው ምልልስ ነው። በኢስቶኒያ የተመሠረተውን ቶግል ትራክ የተባለውን የሥራ ሰዓት መቁጠሪያ መተግበሪያ የመረጥነው እነዚህን ጥቃቅን ሥራዎች በተሠሩበት ቅጽበት ለመያዝ ሲሆን፣ በዚህ ረገድ ምርጫችን ትክክል ነበር። ስልኩን ከማንሳቴ በፊት ቆጣሪውን አንዴ እነካዋለሁ፣ ስጨርስ አቆመዋለሁ። የጉዳዩንም ሆነ የሥራውን መግለጫ በአማርኛ መጻፍ ይቻላል፤ ኔትወርክ ሲቋረጥ በስልኩ ላይ መዝግቦ ያቆይና መስመሩ ሲመለስ ያስተላልፋል።

ኮምፒውተር ላይ የሚጫነው መተግበሪያ የቁልፍ ሰሌዳውና ማውዙ ለተወሰነ ጊዜ ካልተነኩ፣ ያ ጊዜ ይቀነስ ወይስ ይቆጠር ብሎ ይጠይቃል። ቡና ሊጠጣ ወጥቶ ቆጣሪውን ለረሳ ሰው ትልቅ እገዛ ነው። ነገር ግን ጠበቃ የወረቀት መዝገብ ሲያገላብጥ ኮምፒውተሩን አይነካም፤ ጥያቄው በመጣ ቁጥር ሳያነቡ «ይቀነስ» የሚል ሰው የራሱን የንባብ ሰዓት በገዛ እጁ ይሰርዛል። እንዲሁም በየትኛው ሰነድና ድረ ገጽ ላይ እንደቆዩ ለራስዎ ብቻ መዝግቦ የሚያሳየው የጊዜ መስመር የተረሳውን ለመሙላት ይጠቅማል። ሆኖም የሰነዱ ስም የደንበኛ ስም ካለበት ያም አብሮ ስለሚመዘገብ፣ የደንበኛን ምስጢር የመጠበቅ ግዴታችንን አስበን ይህን አገልግሎት ዘግተነዋል፤ ጉዳዮቻችንንም በውስጥ መዝገብ ቁጥር ብቻ እንጠራቸዋለን።

በሰዓት የማስከፈል የቆየው ልማድ ሰዓቱን በ10 ከፍሎ 6 ደቂቃን እንደ 0.1 ሰዓት መቁጠር ነው። የሰዓት ዋጋ መመደብም ሆነ ደቂቃዎችን ወደላይ ማጠጋጋት የሚቻለው በሚከፈልበት እርከን ስለሆነ፣ እኛ ከነጻው እርከን ዝርዝሩን አውጥተን በኤክሴል እናሰላለን። ይህም አንድ ነገር አስተምሮናል፤ በአንድ ቀን ለአንድ ጉዳይ የተደረጉ ሦስት የአንድ አንድ ደቂቃ ጥሪዎች በየራሳቸው ከተጠጋጉ 18 ደቂቃ ይሆናሉ፣ ተደምረው ከተጠጋጉ ግን 6 ብቻ። ሁለተኛው ለደንበኛው የሚገባ ነው ብዬ ስለማምን፣ አሠራሩን በጥብቅና ውላችን ላይ በግልጽ አስፍረነዋል።

ለእኛ አገር ተጠቃሚ ትልቁ ጉድለት የዘመን አቆጣጠሩ ነው። ችሎት የሚቀጥረው በኢትዮጵያ አቆጣጠር፣ ቶግል ትራክ የሚያውቀው ግን የአውሮፓውያኑን ብቻ ነው። የጥቅምትን ሥራ ለማውጣት ከኦክቶበር 11 እስከ ኖቬምበር 9 ያለውን ጊዜ በእጅ መምረጥ ያስፈልጋል፤ በዘመነ ዮሐንስ ደግሞ ሁለቱም በአንድ ቀን ይገፋሉ። የረሱትን ሥራ ዘግይተው ሲያስገቡ ከቀኑ 8 ሰዓት የሚለውን 14:00 ብሎ መጻፍም ጥንቃቄ ይፈልጋል።

ልደታ ምድብ ችሎት ተራ እስኪደርስ የሚጠበቀውን ጊዜ በተመለከተ መተግበሪያው የሚወስንልን ነገር የለም። «ጥበቃ» የሚል የተለየ መለያ ሰጥተን ለብቻው እንመዘግበዋለን፤ ይከፈልበት ወይስ አይከፈልበት የሚለውን ከደንበኛው ጋር የምንስማማው ግን ውሉ ከመፈረሙ በፊት ነው።