የኳስ ፎቶ ለምትፈልጉ የደሴ ቡድኖች፦ ለሰኞ ገበያው ጋሼ ምስጋናና ጥቆማ

በሆጤ ሜዳ ያደረግነውን የሰፈሮች ውድድር ከመክፈቻው እስከ ፍጻሜው በካሜራ ላስቀሩልን፣ ሰኞ ገበያ አካባቢ ለሚሠሩት ፎቶ አንሺ ምስጋናችን ይድረስልን። ስማቸው እንዲጻፍ ስላልፈለጉ ጋሼ እያልን እንቀጥላለን፤ ሜዳ የሚመጣው ሁሉ የሚጠራቸውም እንደዚያው ነው። ከአዘጋጆቹ መካከል ካሜራ የምንይዝ ስላለን፣ ነገሩ እጅዎን ይባርከው ብሎ በመመረቅ ብቻ እንዳይቀር ሥራቸው በምን እንደሚለይ ዘርዘር አድርገን እንጻፍ። ፎቶ አንሺ ስትይዙ ምን መጠየቅ እንዳለባችሁም በዚያው ታገኙታላችሁ።

ትልቁ ነገር መቆሚያው ነው። የሰፈር ጨዋታ የሚያነሳ ሰው አብዛኛውን ጊዜ መሃል መስመር ላይ፣ ተጠባባቂዎቹ አጠገብ ይቆምና ጨዋታውን እዚያው ይጨርሳል። ሜዳው 105 ሜትር ርዝመት ካለው ጎሉ ከዚያ ቦታ ከ50 ሜትር በላይ ይርቃል። ከሩቅ በሚያቀርበው የ200 ሚሊሜትር ሌንስ እንኳ አጥቂው ጣት አክሎ ይወጣል፤ ቆርጠን እናሳድገው ሲባል ደግሞ ፒክስሉ ይበተናል። ተጫዋቾቹም በጎን እያለፉ ስለሚሮጡ ፊት አይገኝም። ጋሼ ከጎል መስመሩ ጀርባ፣ በማዕዘን ባንዲራውና በጎሉ ቋሚ መካከል ነው የሚቀመጡት። እዚያ አጥቂው ወደ ሌንሱ እየመጣ ነው፤ ኳሱ፣ ፊቱና ማልያውን የሚጎትተው ተከላካይ አንድ ላይ ይገባሉ። 16 ከ50 ውስጥ ለሚሆነው ሁሉ ያው 200 ሚሊሜትር ይበቃል።

ይቀመጣሉ ያልነው እውነትም ዱካ ላይ ነው፤ እግሩን አሳጥረው ያስቆረጡት ዱካ አላቸው። ካሜራው ከተጫዋቹ ወገብ ዝቅ ሲል ለቴስታ የዘለለ ልጅ ከሰው ሁሉ በላይ ይወጣል፣ ከጀርባውም ተመልካቹና የጦሳ ተራራ ብዥ ብለው ይታያሉ። ቆሞ የሚያነሳ ሰው ሌንሱ ወደ ታች ስለሚያይ የሚያተርፈው ሣርና የተጣለ የውሃ ፕላስቲክ ነው፤ ልጁ የቱንም ያህል ቢዘል መሬት ላይ የቆመ ይመስላል።

ከዕረፍት በኋላ ቦታ ይቀይራሉ ወይ? እንደ ውሉ ነው። ለአዘጋጅ ሲሠሩ እዚያው ጎል ጀርባ ይቆያሉ፤ ቡድኖቹ ሜዳ ስለሚለዋወጡ ሁለቱም ሲያጠቁ ይገኛሉ። የቀጠራቸው አንዱ ቡድን ከሆነ ግን አጥቂዎቹን ተከትለው ወደ ሌላኛው ጎል ይሻገራሉ። ይህን አስቀድማችሁ ካልተናገራችሁ ግማሹ አልበም የተቃራኒ ቡድን ሊሆን ይችላል፤ ጥፋቱም የእሳቸው አይሆንም።

በመረብ ውስጥ አሳልፎ ማንሳት ራሱን የቻለ ጥበብ ነው። ሌንሱ ከመረቡ ሁለት ሜትር ርቆ ከቆመ ፎከሱ ክሩን ይይዝና በረኛው ይደበዝዛል። ሌንሱ ወደ መረቡ ቀርቦ፣ አፐርቸሩ (ብርሃን የሚገባበት የሌንሱ ቀዳዳ) ኤፍ 2.8 ላይ በሰፊው ተከፍቶ፣ ፎከሱ በአንድ ነጥብ ብቻ ሲሠራ ክሩ ይሟሟና አይታይም።  አደጋውም እዚያው ነው፦ ተመትቶ የገባ ኳስ መረቡን ወደ ኋላ ሲወጥረው የቀረበ ሌንስ ይሰበራል። ስለዚህ ጋሼ መረቡን የሚጠጉት በማሟሟቂያ ሰዓት፣ ዳኛው ከፈቀደ ብቻ ነው። በጨዋታ ላይ፣ ሪጎሬም ቢሆን፣ ከጎኑ ሆነው ነው የሚያነሱት።

ከላይ ከደረጃው የሚነሳውን አይንቁትም፤ ግን አያበዙትም። ለአሥር ደቂቃ ያህል ወጥተው የቡድኑን አሰላለፍ፣ ሙሉ ሜዳውንና የተመልካቹን ብዛት በሰፊ ሌንስ ይዘው ይወርዳሉ። ለስፖንሰር የምታሳዩት ፎቶ ይህ ነው።

ጎል ሲገባ ደግሞ ስክሪኑን አያዩም። ብዙ ሰው ያዝኩት አልያዝኩት ብሎ ጎንበስ ሲል ጎል አግቢው ሮጦ ደጋፊው ላይ ወድቆ ይጨርሳል። እሳቸው ዓይናቸውን ከካሜራው ሳያነሱ መጀመሪያ አግቢውን ይከተላሉ፣ ቀጥሎ ወደ በረኛው ይዞራሉ። ከውድድሩ ፎቶዎች ሁሉ እኛ የምናበልጠው ጎል የገባበት በረኛ ኳሱን ከመረብ ሲያወጣ የተነሳውን ነው። ጓንቱ ላይ የተጣበቀው ጭቃ ሳይቀር ይቆጠራል።

ብርሃኑ ላይ የደሴ ሜዳ ያስቸግራል። ጦሳ በምዕራብ ስለሆነ ፀሐይዋ ሳትጠልቅ ተራራው ይጋርዳታል፤ በ9 ሰዓት የተጀመረ ጨዋታ ማለቂያው ላይ ግማሹ ሜዳ ጥላ፣ ግማሹ ፀሐይ ሊሆን ይችላል። ሁሉን ነገር በእጅ የሞላ ፎቶ አንሺ ኳሱ ከፀሐይ ወደ ጥላ ሲሻገር ይጨልምበታል። የጋሼ አሠራር ሻተሩን (ካሜራው ብርሃን የሚያስገባበትን ጊዜ) 1/1000 ሴኮንድ ወይም ከዚያ የፈጠነ፣ አፐርቸሩን 2.8 ላይ ቆልፎ፣ አይ ኤስ ኦውን (ካሜራው ለብርሃን ያለውን ንቃት) ከ6400 እንዳያልፍ ገድቦ ለካሜራው መተው ነው። ነጭ ማልያ ያለበት ጨዋታ ከሆነ ብርሃኑን በሁለት ሦስተኛ ስቶፕ ይቀንሱታል (አንድ ስቶፕ ሲቀነስ ብርሃኑ በግማሽ ይወርዳል)። ሣሩ ጠቆር ስለሚል ካሜራው ጨለመ ብሎ ያበራውና የማልያው ቁጥር በንጣቱ ይጠፋል። 

ማታ በመብራት የምታጫውቱ፣ ይህን ልብ በሉ። የእኛ መብራት ኃይል 50 ኸርዝ (በሴኮንድ 50 ዙር) ስለሆነና በየዙሩ ሁለቴ ስለሚደክም፣ ብዙ አምፖሎች በሴኮንድ 100 ጊዜ ይርገበገባሉ። ለዓይን አይታወቅም፤ በ1/1000 ሲነሳ ግን አንዱ ፎቶ ይበራል፣ ቀጣዩ ይጨልማል፣ ሌላው ላይ ቢጫ ሰንበር ይጋደማል። መፍትሔው የካሜራውን የመርገብገብ መከላከያ ማብራት ነው፤ የሌለው ካሜራ ወደ 1/100 መውረድ ይኖርበታል፣ ያኔ ደግሞ የሚሮጥ እግር ይደበዝዛል። ፎቶ አንሺያችሁ ከጨዋታው በፊት መብራቱ በርቶ እንዲሞክር ጊዜ ስጡት።

ክረምት ላይ ፌስታልና ላስቲክ ይዘው ይመጣሉ፤ የሌንሱን ኮፍያ (ከፊቱ የሚገጠመውን የጥላ ቀለበት) ከላስቲኩ አፍ አውጥተው ያስሩታል። ጉሙ ሲወርድ አውቶፎከስ የሚይዘው ስለሚያጣ፣ ጥቁር ማልያውን ወይም የማልያ ቁጥሩን ነው የሚያነጣጥሩት። በበጋ ችግሩ አቧራ ነው። ሜዳ ላይ ሌንስ ፈትቶ የሚቀይር ሰው ካያችሁ ፎቶዎቹ ሰማይ ላይ ጥቁር ነጠብጣብ እንደሚኖራቸው ጠብቁ። ጋሼ ሁለት ካሜራ ይዘው፣ አንዱ ላይ ረጅሙን፣ አንዱ ላይ ሰፊውን ሌንስ እንደገጠሙ ይውላሉ።

አንድ ነገር ግን እንናገር፤ ቶሎ አያስረክቡም። የማታውን ፎቶ በማግስቱ ጠዋት የምትፈልጉ ከሆነ ሌላ ሰው ያዙ። መርጠው፣ አድማሱን አቃንተው፣ በማልያ ቁጥር ለይተው ነው የሚሰጡት፤ ሁሉንም ይስጡን ማለትም አያዋጣም። ሲልኩላችሁ ቴሌግራም ላይ በፋይል እንጂ በፎቶ አይልኩም፣ በፎቶ ሲላክ ጥራቱ ይቀንሳል። እናንተም ለማተሚያ ቤት ስታስተላልፉ እንደዚያው አድርጉ። 20 በ30 ሳንቲሜትር ለማጠብ ወደ 2400 በ3500 ፒክስል ያስፈልጋል፤ ከፌስቡክ የወረደ ፎቶ አብዛኛውን ጊዜ እዚያ አይደርስም።

ልታሠሯቸው የምትፈልጉ፣ የሁለቱን ቡድን የማልያ ቀለምና የተጫዋቾች ዝርዝር በቁጥር አዘጋጁ፤ ከጎል ጀርባ እንዲቀመጡ ከዳኞቹ ፈቃድ የምትጠይቁት እናንተ ናችሁ፤ ከማልያዎቹ የተለየ ቀለም ያለው ሰደርያም አልብሷቸው። ኮምቦልቻና ሐይቅም ይወርዳሉ፣ ትራንስፖርቱ በአሠሪው ነው። ቪዲዮ አይሠሩም። ቀን የሚይዙት በቀብድ ነው፤ ቅዳሜና እሁድ ሰርግ ስለሚሻማችሁ ቀደም በሉ። ስልካቸውን የምትፈልጉ በውስጥ መስመር ጻፉልን፣ አብሽሩ፣ እንልካለን።