ከቦክስ ሪንግ ዳር ስምንት ወር፦ የካነን 85 ሚሊሜትር ሌንሴ

ይህን ሌንስ የገዛሁት ለሰርግ ነበር። የሙሽሮችን ፊት ላነሳበት አስቤ ያገለገለ ካነን 85 ሚሊሜትር ኤፍ 1.8 ገዛሁ (ኤፍ የሌንሱ ቀዳዳ ቁጥር ነው፤ ቁጥሩ ሲያንስ ቀዳዳው ይሰፋል፣ ብርሃን ይበዛል)። አንድ ቅዳሜ ጓደኛዬ «ዛሬ የቦክስ ግጥሚያ አለኝ፣ ናና አንሳኝ» አለኝ። ይኸው ስምንት ወር ሆነኝ። ሌንሱ ሰርግ ቤት ካየው ይልቅ ሪንግ ዳር ያየው ይበልጣል።

የመጀመሪያው ቀን የወሰድኩት ይህን ሳይሆን ዙም ሌንሴን፣ ማለትም የሚያቀርበውንና የሚያርቀውን ነበር። የአዲስ አበባ ጂሞች ለዓይን ብሩህ ናቸው፤ ለካሜራ ግን ጨለማ ናቸው። ዙሙ አቅርቦ ጫፍ ላይ ሲደርስ ከኤፍ 5.6 በላይ አይከፍትም። ሹተሩን፣ ማለትም ብርሃን የሚገባበትን ጊዜ፣ 1/800 ሰከንድ ሳደርገው የካሜራዬ አይኤስኦ (ለብርሃን ያለው ስሜት) 16000 ደርሶ እንኳን ፎቶው ጠቆረብኝ። 85ቱን ኤፍ 2 ላይ ስከፍተው ስምንት እጥፍ ብርሃን ይገባል። አሁን በዚያው አዳራሽ፣ በዚያው ሹተር፣ አይኤስኦ 2500 ይበቃኛል። ፍላሽ አላስብም። ቡጢ እየመጣበት ያለ ልጅ ዓይን ላይ መብራት መተኮስ ነውር ነው።

ካሜራዬ ካነን 7ዲ ማርክ 2 ነው። ሴንሰሩ (ምስሉን የሚቀበለው ክፍል) ትንሽ ስለሆነ 85ቱ እንደ 136 ሚሊሜትር ሌንስ አቅርቦ ያያል። ትልቁ ሪንግ ከገመድ እስከ ገመድ 6.1 ሜትር ነው። ልጆቹ መሃል ላይ ወይም ማዶ ሲሆኑ ከወገብ በላይ ልክክ ይላሉ። እኔ ያለሁበት ገመድ ላይ ሲደገፉ ግን አንድ ጆሮና አንድ ጓንት ብቻ ይቀረኛል። መጀመሪያ ይህ ያናድደኝ ነበር። አሁን ያኔ አላነሳም፤ እጠብቃለሁ። ዙር ሲያልቅ ያለችው አንድ ደቂቃ ሰፋ አድርጎ ለሚያየው 35 ሚሊሜትር ሌንሴ ናት። ማዕዘኑ ላይ አሰልጣኙ የጥርስ መከላከያውን በሁለት ጣቱ ሲያወጣ፣ የምራቁ ክር ሲሳብ፣ ልጁ አፉን ከፍቶ ውሃ ሲጠብቅ። ከቡጢው ይልቅ እነዚህን ፎቶዎች እወዳቸዋለሁ።

ፎከሱ ፈጣን ነው፣ ድምፅም የለውም። እ.ኤ.አ. በ1992 ለወጣ ሌንስ ይገርማል። ግን ፎከስ ብቻውን ቡጢ አይዝም። ጓንቱ ፊት ሲነካ በካሜራው ቀዳዳ ካየኸው አመለጠህ ማለት ነው፤ ፎቶው ሲነሳ ካሜራው ውስጥ ያለው መስታወት ይነሳና ለቅጽበት ምንም አይታይም። እኔ ትከሻ ነው የማየው። ቀኝ ትከሻ ወደ ኋላ ትንሽ ሲሸሽ እጫናለሁ። ይህን ለመልመድ ሦስት ወር ፈጀብኝ።

አንድ ነገር ብዙ ጊዜ አታሎኛል። ተከታታይ ስተኩስ አንዱ ፎቶ ደማቅ፣ ቀጣዩ ጨለማና ቢጫ ይሆናል። ሌንሱ የተበላሸ መስሎኝ ነበር። ለካ መብራቱ ነው። የኛ ኤሌክትሪክ 50 ኸርዝ ስለሆነ አምፖሉ በሰከንድ 100 ጊዜ ይርገበገባል። ካሜራው ላይ አንቲ ፍሊከር የሚባለውን ሳበራው ተስተካከለ። የእናንተም ካሜራ ካለው ከግጥሚያው በፊት አብሩት።

የማልወድለትም አለ። 1.8 ላይ ነጭ ገመድና የሚያብረቀርቅ ላብ ጠርዝ ላይ ወይን ጠጅ መስመር ይወጣል። 2.2 ላይ ይቀንሳል፤ የቀረውን ኤዲት ላይ አጠፋዋለሁ። ላብና ውሃ ሊገባበት ይችላል፣ ማሸጊያ ጎማ የለውም። የፊት ጥላው፣ ማለትም ሌንሱ ጫፍ ላይ የሚገባው የብርሃን መከለያ፣ አብሮት አይመጣም፤ ግን ግዙት። ለመከላከያ ብዬ የገዛሁት ርካሽ ፊልተር (ሌንሱ ፊት የሚታሰር መስታወት) ደግሞ የጣሪያውን አምፖሎች አንጸባርቆ ፎቶው ውስጥ ደጋግሞ አሳየኝ። አውልቄ ጣልኩት። አሁን ኪሴ ውስጥ ንጹህ ጨርቅ አለ፣ በየዙሩ እጠርጋለሁ።

425 ግራም ነው። ከጠዋት እስከ ማታ ክርኔን መድረኩ ጠርዝ ላይ አስደግፌ፣ በታችኛውና በሁለተኛው ገመድ መሃል አሾልኬ ስይዘው እጄ አይዝልም። ሌላ ከባድ ዙም ሌንስ ተውሼ ሞክሬያለሁ። ጥሩ ነው፤ ግን አራተኛው ግጥሚያ ላይ ሰውነቴ እምቢ አለ።

ባለፈው ሳምንት የተሸነፈ ልጅ ፋሻውን ሳይፈታ መጣና «ወንድሜ፣ ስመታ ያነሳኸኝ አለ?» አለኝ። ነበረ። ሁለተኛው ዙር ላይ የሰነዘራት ግራ፣ ጓንቱ የተጋጣሚውን ጉንጭ እንደነካች፣ ላቡ በአየር ላይ። እዚያው በስልኩ ላክሁለት። ቆሞ አጉልቶ ያያት ነበር፣ ቀጣዩ ግጥሚያ እስኪጀመር።