ለንደን ውስጥ ለድግስ ዲጄ የምትፈልጉ፣ ቀብድ ሳትከፍሉ ይህን አንብቡ

አሁን ገና ከአዳራሽ መግባቴ ነው። ንዴቱ እንቅልፍ ስለነሳኝ ነው የምጽፈው።

የባለቤቴ 50ኛ ልደት ነበር። የተዋወቅነው እዚሁ ደቡብ ለንደን፣ እ.ኤ.አ. በ1997 ነው። ያኔ ስፒድ ጋራጅ የሚባለው የዳንስ ሙዚቃ ከተማውን ያጥለቀለቀበት ጊዜ ነው። ጋራጅ የሚሉት የኒው ዮርክ ሙዚቃ ፍጥነት ተጨምሮበት፣ ጃንግል የሚባለው ፈጣን የእንግሊዝ ሙዚቃ ወፍራም ባስ ተጭኖበት። እሁድ ከሥራ ስንወጣ ፈቃድ የሌላቸውን ሬዲዮዎች ለመያዝ አንቴናውን በመስኮት እናወጣ ነበር። ለልደቷም ያንኑ ሙዚቃ በሸክላ የሚያጫውት ዲጄ ያዝኩ።

እንዲህ ዓይነቱን ሰው ታውቁታላችሁ። በሸክላ የተሞላ ግድግዳ ተደግፎ የተነሳው ፎቶ። "ያን ቀን ሌላ ሰው ጠይቆኛል፣ ቶሎ ወስን" የምትለዋ መልእክት። 250 ፓውንድ ቀብድ፣ ሌላ 250 ሥራው ሳይጀመር። ውል የለ፣ ደረሰኝ የለ። ከፈልኩ።

አንድ ሰዓት ያህል ጥሩ ነበር። ከዚያ ባለቤቴ የምትወደው ዘፈን መጣ። ያ ደረት የሚመታው ባስ ሲገባ ቤቱ በጩኸት ተናጋ። ጋራጅ የሚወድ ያውቃል፤ እንዲህ ሲሆን ዲጄው ሸክላውን በእጁ ወደ ኋላ ጎትቶ ከመጀመሪያው ያስጀምረዋል። ሪዋይንድ ነው። ከጃማይካ ሳውንድ ሲስተም፣ ትልልቅ ስፒከር ተክለው ከሚያስጨፍሩት ዲጄዎች፣ የመጣ ልማድ ነው፤ ያለ እሱ የጋራጅ ምሽት አይደምቅም። አፏጨን፣ ጠረጴዛ ደበደብን። እሱ እጁን አውለበለበልንና ዝም። ባለቤቴ ራሷ ሄዳ ለመነችው። በፈገግታ ሸኛት።

ከኋላው ዞርኩ። ሸክላው ይሽከረከራል። መርፌዋ ግን ማረፊያዋ ላይ ናት። የጆሮ ማዳመጫው ገመድ የትም አልተሰካም፤ ጫፉ ከጠረጴዛው ሥር ይወዛወዛል። ላፕቶፑ ላይ አንድ ፋይል ብቻ ተከፍቷል። 1 ሰዓት ከ12 ደቂቃ አልፏል፣ 2 ሰዓት ከ48 ይቀራል። ቤቱ ቁጭ ብሎ የቀዳውን ከፍቶልን ነው ለካ ቁልፍ የሚያዞር የሚመስለው!

"ይሄ ምንድን ነው?" አልኩት። ቀና እንኳ አላለም። "እንግዶችህ ልዩነቱን አያውቁትም" አለኝ።

እንግዶቼ! ግማሾቹ እኮ በዚያ ሙዚቃ ያደጉ የዚሁ ሰፈር ልጆች ናቸው። መልካችንን አይቶ ነው የናቀን። ገንዘቤን መልስ ስለው "ሙዚቃ ፈልገህ ነበር፣ ሙዚቃ ተጫውቷል" ብሎ ስልኩን መነካካት ቀጠለ።

ከሁሉ የሚያንገበግበኝ የራሴ ጥፋት ነው። ሁለቱን የሸክላ ሳጥኖች ደረጃ ያወጣሁለት እኔ ነኝ። ቀለሉኝ። ሸክላ እንዴት እንደሚከብድ ደግሞ አሳምሬ አውቃለሁ፤ ስንት ጊዜ ቤት ስንቀይር ተሸክሜዋለሁ። እያወቅኩ አልጠየቅኩም። ባለቤቴን ስሰናዳላት ከከረምኩበት ምሽት ውስጥ በለቅሶ ነው ያወጣኋት።

ቀሪውን ሂሳብ፣ መርፌዋ ሸክላው ላይ ስታርፍ በዓይናችሁ ሳታዩ አትክፈሉ። ዲጄ ልትይዙ ያሰባችሁ ካላችሁ በውስጥ መስመር ጻፉልኝ፤ ያ ሰው መሆን አለመሆኑን እነግራችኋለሁ።