ለግቢ ተማሪ የሚሻለው የፓስወርድ መያዣ፦ ቢትዋርደን፣ ኪፓስ፣ ጉግል ወይስ ደብተር?

ሁለተኛ ዓመት ሳለን ነው። አድ ኤንድ ድሮፕ ሊዘጋ አንድ ቀን ሲቀረው የዶርም ጓደኛዬ ፖርታሉን ከፈተ። ሁለት ኮርሶቹ የሉም። ሰው ገብቶ ድሮፕ አድርጎበታል። የተራቀቀ ሀከር ምናምን አልነበረም። ፓስወርዱ ከመጀመሪያው ቀን የተሰጠው የመታወቂያ ቁጥሩ ነው፤ ቁጥሩ ደግሞ ዲፓርትመንቱ በር ላይ በተለጠፈው የሚድ ውጤት ላይ ለሁሉም ይታያል። ኮርሶቹን ለማስመለስ ሦስት ቀን ሬጅስትራር ደጅ ጠና። ማን እንደሠራው እስከ ዛሬ አልታወቀም።

ከዚያ ወዲህ ለየቦታው የተለያየ ፓስወርድ ይኑራችሁ፣ ሁሉንም የሚይዝላችሁ አንድ መያዣ ያዙ እላለሁ። "የትኛውን አፕ ልጫን?" የሚለኝን ሰው ግን መልሼ እጠይቀዋለሁ። የምትፈራው ምኑን ነው? ስልክ መሰረቅን? ኔት መጥፋትን? የላብ ኮምፒውተርን? ወይስ ራስህ መርሳትን? እያንዳንዱ መያዣ አንዱን ክፉ ቀን ያሳልፋል፣ ሌላው ላይ ያንሸራትታል። ምርጫው እዚያ ላይ ነው።

ቢትዋርደን

ብዙ ተማሪ ይህን ቢይዝ ደስ ይለኛል። ነፃው ይበቃል። የፓስወርድ ብዛት አይገድብም፤ ስልክም ላፕቶፕም ላይ አብሮ ይሠራል። ይህን ቀላል አድርጋችሁ አትዩት። ላስትፓስ የሚባለው ሌላ መያዣ እ.ኤ.አ. በ2021 ነፃ ተጠቃሚዎቹን "ወይ ስልክ ወይ ኮምፒውተር፣ አንዱን ምረጡ" ብሏቸዋል። በብር ካርድ የውጭ አገልግሎት መክፈል ስንት ጣጣ እንዳለው ለምናውቅ ሰዎች ነፃው ምን ይሰጣል የሚለው ዋናው ጥያቄ ነው።

አሠራሩ እንዲህ ነው። ፓስወርዶቻችሁ ገና ከስልካችሁ ሳይወጡ ይቆለፋሉ። ሰርቨሩ ላይ የሚቀመጠው የተቆለፈው ነው። ቁልፉ ማስተር ፓስወርዳችሁ፣ ማለትም መያዣውን የሚከፍተው አንዱ ዋና ፓስወርድ ነው፤ ድርጅቱ እሱን አያውቀውም። ስለዚህ ብትረሱት ደውላችሁ የምታስመልሱት ነገር የለም። ስልክ ቢሰረቅ ግን ሌላ ስልክ ላይ ትገባላችሁ፣ ሁሉም ተመልሶ ይመጣል። ኔት ሲጠፋስ? ስልኩ ላይ ቀድማችሁ ከገባችሁ የተቀመጠውን ማየት ይቻላል። አዲስ ለመጨመር ኔት እስኪመጣ መጠበቅ ነው።

ኪፓስ

እ.ኤ.አ. ከ2003 ጀምሮ ያለ፣ ነፃና ኮዱ ክፍት የሆነ ፕሮግራም ነው። ላፕቶፕ ላይ ኪፓስኤክስሲ የሚባለውን፣ አንድሮይድ ላይ ኪፓስዲኤክስ የሚባለውን ትጭናላችሁ። ሁለቱም አንድ ዓይነት ፋይል ይከፍታሉ። አካውንት የለ፣ ሰርቨር የለ፣ ክፍያ የለ። ያለችው አንዲት የተቆለፈች ፋይል ናት። ኔት ለሳምንት ቢጠፋ ምንም አይመስላትም።

ችግሩ ፋይሏ የእናንተ ኃላፊነት መሆኗ ነው። ላፕቶፑ ላይ አዲስ ፓስወርድ ትጨምራላችሁ፣ ስልኩ አያውቅም። ከወር በኋላ የትኛዋ ቅጂ አዲሷ እንደሆነች ይጠፋችኋል። ኪፓስኤክስሲ ሁለት ቅጂ አንድ ላይ ማዋሃድ ይችላል፤ ግን ይህን የሚያደርገው ማነው? ብቸኛ ቅጂዋን ፍላሽ ላይ ይዞ የሚዞር ልጅም አውቃለሁ። የግቢ ፍላሽ ዕድሜው ስንት እንደሆነ ታውቃላችሁ። አንዳንዱ ፋይሏን ቴሌግራም ላይ ለራሱ ይልካታል። ማስተሩ ጠንካራ ከሆነ አልቃወምም፤ ፍላሽ ላይ ብቻዋን ከምትቀር ይሻላል።

ኮምፒውተር ሳይንስ ለሚማር ወይም ነገሩን መነካካት ለሚወድ ሰው ኪፓስ ጥሩ ነው። ባክአፕ አድርጎ ለማያውቅ ሰው ግን አልመክርም።

ጉግል

አንድሮይድ ስልክ ካላችሁ ምናልባት ሳታውቁት እየተጠቀማችሁበት ነው። "ፓስወርዱን ላስቀምጥ?" ሲላችሁ እሺ ያላችሁት ሁሉ እዚያ አለ። ምቹ ነው። የተጋለጠ ፓስወርድ ካለም ያስጠነቅቃል። አይፎን የያዘ ሰውም ከአይኦኤስ 18 ጀምሮ፣ ማለትም እ.ኤ.አ. ከ2024 ወዲህ፣ ከስልኩ ጋር የሚመጣ የአፕል የራሱ የፓስወርድ አፕ አለው።

የጉግሉ ክፉ ቀን ዶርም ውስጥ ነው። መያዣውን የሚከፍተው የስልካችሁ መክፈቻ ነው። ፓተርናችሁን ስድስቱም የዶርም ልጆች ያውቁታል። ሙዚቃ ለመክፈት፣ ሰዓት ለማየት፣ ዳታ ለመበደር ሲከፍቱት ኖረዋል። ያው ፓተርን ፓስወርዶቹን በሙሉ ያሳያል። ሁለተኛው አደጋ ላብ ነው። የላቡ ክሮም ላይ ጂሜይል ለመክፈት ብላችሁ ሲንክ (የአካውንታችሁን ዳታ ወደዚያ ኮምፒውተር ማምጣት) ከፈቀዳችሁ የተቀመጡት ፓስወርዶች ሁሉ ተከትለዋችሁ ይመጣሉ። እናንተ ወጥታችሁ ስትሄዱ እነሱ እዚያው ይቀራሉ።

ደብተር

አትሳቁ። ውጭ አገር የተቀመጠ ሌባ ደብተራችሁን መክፈት አይችልም። ክፍያ የለውም፣ ቻርጅ አይፈልግም። ቤተሰቡ ጋ ለሚኖር ተማሪ፣ መሳቢያው የሚቆለፍ ከሆነ፣ ሁሉ ቦታ አንድ ፓስወርድ ከመጠቀም እጅግ ይሻላል። ዶርም ውስጥ ግን ደብተር የሁሉም ነው፤ ኖት ለመገልበጥ ተውሰው ይወስዱታል። ሌላው ደግሞ ደብተር የውሸት ገጽ አይለይም። አፖቹ ግን አድራሻው አንድ ፊደል ከተለወጠ አይሞሉም። ይህ አንድ ነገር ብቻውን አፕ እንድትይዙ በቂ ምክንያት ነው።

የሚከፈልባቸውን ባጭሩ። ዋንፓስወርድ ጥሩ ነው፣ ከሙከራ ጊዜው በኋላ ግን ነፃ የለውም፤ ውጭ ያለ ዘመድ በቤተሰብ ጥቅሉ ካስገባችሁ ተጠቀሙበት። ላስትፓስን አልመርጥም። እ.ኤ.አ. በ2022 ሌቦች የደንበኞቹን መያዣ ቅጂ ወስደዋል። ፓስወርዶቹ የተቆለፉ ነበሩ፤ የድረ ገጾቹ አድራሻ ግን አልነበረም። ማስተሩ ደካማ የነበረ ሰው ከዚያ በኋላ እንዴት እንቅልፍ ይወስደዋል?

የትኛውንም ብትይዙ ላብ ውስጥ አትክፈቱት። በዚያ ኮምፒውተር ምን እንደተጫነ አታውቁም። ፓስወርዱን ስልካችሁ ላይ አይታችሁ በእጃችሁ ጻፉ። በነገራችን ላይ ይህ የድሮ በሽታ ነው። ኤምአይቲ የሚባለው የአሜሪካ ዩኒቨርሲቲ እ.ኤ.አ. በ1960ዎቹ መጀመሪያ አንድን ኮምፒውተር ብዙ ሰው እንዲካፈል አድርጎ ለየሰዉ ፓስወርድ ሰጠ። አለን ሼር የሚባል የዶክትሬት ተማሪ የተመደበለት ሰዓት አልበቃው ብሎ እ.ኤ.አ. በ1962 የፓስወርዶቹን ፋይል በፕሪንተር አሳተመና በሌሎች ስም ገባ። ላብና ተማሪ ያኔም እንዲሁ ነበሩ።

በእጅ ስለሚጻፍ የፖርታሉ ፓስወርድ ሃያ ምልክት የተደበላለቀበት ባይሆን ይሻላል። መዝገበ ቃላት በጭፍን ገልጣችሁ አምስት የአማርኛ ቃል አውጡ፣ በላቲን ፊደል ጻፏቸው። ተረትና ምሳሌ አይሁን፤ ሁሉም ያውቀዋል። በግዕዝ ፊደልም አይሁን፤ የላቡ ኮምፒውተር የአማርኛ ኪቦርድ ላይኖረው ይችላል። አጻጻፉን ደግሞ አንዴ ወስኑ። "ፀሐይ"ን ዛሬ በቲኤስ ነገ በኤስ ከጻፋችሁ በራሳችሁ ላይ በር ትዘጋላችሁ። የአሜሪካው የደረጃዎች ተቋም ኒስት እ.ኤ.አ. በ2025 ባወጣው መመሪያ፣ ፓስወርዱ ብቻውን የሚጠብቅ ከሆነ ቢያንስ 15 ፊደል ይሁን ይላል። አምስት ቃል ያን በቀላሉ ያልፋል። ይኸው ተቋም ያለ ምክንያት በየጊዜው ማስቀየርን እ.ኤ.አ. ከ2017 ጀምሮ አይደግፍም። በየሦስት ወሩ ቀይሩ ለሚሉን የአይቲ ክፍሎች ይድረስልኝ፤ እኛ መጨረሻው ላይ ያለውን 1 ወደ 2 እንቀይራለን፣ አለቀ።

ሁለተኛው ማረጋገጫ ላይም፣ ማለትም ከፓስወርዱ በኋላ በሚጠየቀው ኮድ ወይም ቁልፍ ላይም ምርጫ አለ። ኤስኤምኤስ ከምንም ይሻላል፤ ኔትወርክ ሲጨናነቅ ግን ኮዱ ጊዜው ካለፈ በኋላ ይመጣል። በየ30 ሰከንዱ ስድስት አኃዝ የሚያወጣው አፕ ያለ ኔትወርክም ይሠራል፤ እሱን ምረጡ። ዩኤስቢ ላይ የሚሰካው የደኅንነት ቁልፍ ከሁሉም ይበልጣል፤ ግን በዶላር ይገዛል፣ ብዙ የግቢ ፖርታልም አይቀበለውም።

ስኮላርሺፕ ለምታስቡት አንድ ነገር ልጨምር። ኮዱ በኢትዮጵያ ሲምካርድ ብቻ የሚመጣ ከሆነ፣ ሲሙ ወንድማችሁ ስልክ ውስጥ ቀርቶ እናንተ ሌላ አገር ስትገኙ፣ ኢሜይል ለመክፈት እሱን ከእንቅልፉ መቀስቀስ ይመጣል። ከመሄዳችሁ በፊት ወደ አፕ ቀይሩት። ሁለተኛው ማረጋገጫ ሲጀመር የሚሰጡትን፣ ስልኩ ሲጠፋ የሚያስገቡትን የመጠባበቂያ ኮዶች በወረቀት ጽፋችሁ አንዱን ቅጂ ለእናታችሁ ስጡ፣ ከዲግሪያችሁና ከልደት ሰርተፍኬታችሁ ጋር ታስቀምጠው።